ድር ከፋብሪካ፣ ማግ ከእንዝርት
የጨርቅ ጥበብ ከመንዝ ባና እስከ አቃቂ መዘውር

የሰው ልጅ ገላውን ከብርድና ከፀሐይ ለመከላከል የጀመረው የጨርቅ ሥራ በዘመናት ብዛት የማሰቢያው፣ የማስታወሻውና የማጌጫው መሣሪያ ሆኗል። ሕፃን ሲወለድ የሚጠቀለለው በጨርቅ ነው፤ ሙሽራ የምትሞሸረው፣ ሐዘንተኛ ሐዘኑን በጥለቱ አቀማመጥ የሚገልጸው፣ ሟችም የሚገነዘው በጨርቅ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሥነ ጥበብ ታሪክ ሲወሳ ሠዓሊው፣ ቀራጺውና የቤተ ክርስቲያን አናጺው በየተራ ሲጠሩ ጥጥ ያባዘተችው፣ የፈተለችውና ድርን ከማግ ያዋሐደው ሸማኔ አብዛኛውን ጊዜ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራሉ። ይህ መዘንጋት በድንገት የመጣ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ለእጅ ሥራ ከሰጠው ደረጃ የመነጨ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የተዘረጋው የአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ለዚህ ታሪክ ጥሩ መመልከቻ ነው። በአንድ በኩል ከአገሪቱ ታላላቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንዱ የተተከለው በዚህ ነው። በሌላ በኩል አካባቢው በየመንደሩ እንዝርት የምታሾር ባልቴትና ጉድጓድ ላይ የሚሸምን ባለሙያ ባልጠፉባት ከተማ ዳርቻ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ጠላቶች ናቸው ወይስ ተደጋጋፊዎች? የጨርቅ ፈጠራስ ከመዘውሩ ነው የሚወለደው ወይስ ከጣቱ? ይህን ለመመለስ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያሻል።

ያለ ድርና ማግ

ከጨርቅ ዓይነቶች ሁሉ ምንም ዓይነት ሽመና የማይጠይቅ አንድ አለ። ይኸውም የበግን ጠጉር በውሃ፣ በሙቀትና በሳሙና እያራሱ፣ እየጠቀለሉና እየረገጡ እርስ በርሱ በማጣበቅ የሚሠራው በሌላው ዓለም ፌልት የሚባለው ነው። የሱፍ ጭረት በዐይን በማይታዩ ቅርፊቶች የተሸፈነ ስለሆነ ሲሞቅና ሲታሽ ቅርፊቶቹ ይያያዛሉ፤ አንድ ጊዜ ከተያያዙም ወደኋላ አይመለሱም። ጥጥ ግን ይህ ቅርፊት ስለሌለው የቱንም ያህል ቢረገጥ ፌልት አይሆንም፤ መፈተልና መሸመን አለበት። የሁለቱ ጥሬ ዕቃዎች ባሕርይ የሁለት ዓይነት ሥልጣኔ የእጅ ሥራዎችን ወልዷል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የፌልት ጥበብ አገሩ ከብት ጠባቂው የእስያ ሰፊ ሜዳ ነው። በአልታይ ተራሮች በፓዚሪክ መቃብሮች ውስጥ በበረዶ ተጠብቀው የተገኙት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5ኛው እስከ 3ኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩ የፌልት መጋረጃዎችና ጌጦች ይህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሥዕል፣ ምልክትና እምነት የሚገለጽበት እንደነበረ ያስረዳሉ። በዘላኖቹ ዘንድ ቤቱም፣ ምንጣፉም፣ ኮርቻ ሥር የሚነጠፈውም ፌልት ነበር። የኪርጊዝ ሴቶች በቅርጽ እየቆረጡና እያገጣጠሙ የሚሠሯቸውን የፌልት ምንጣፎች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ባህላዊ ቅርሶች መካከል መዝግቧቸዋል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥበብ የሚቀርበው በመንዝና በአካባቢው ደጋ የሚሠራው የሱፍ ሥራ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረዘም ያለና ሻካራ ነው። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦና በደጋን ተነድፎ ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። የተሸመነው ባና ግን ከሽመናው እንደወረደ አያልቅለትም። በሙቅ ውሃ እየተነከረ በእግር ይረገጣል፤ በመረገጡም ይሸበሸባል፣ ይጠባል፣ ይጠብቃል፤ በድሩና በማጉ መካከል የነበረው ክፍተትም ይደፈናል። ነፋስ የማያሳልፈው፣ ዝናብ ቶሎ የማያበሰብሰው የደጋ ልብስ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህም የመንዝ ባና ግማሹ ሽመና ግማሹ ፌልት ነው ለማለት ይቻላል። ጥቁሩ በርኖስም ቢሆን ግርማው ከስፌቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በብርድ አገር የሚኖር ሕዝብ ከበጉ፣ ከውሃውና ከእግሩ ያወጣው ብልሃት ውጤት ነው።

ቀለሙም የሚያስተምረው ነገር አለ። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ከበጉ እንደተገኘ ሳይነከር ስለሚሸመን የጨርቁ መስመር የመንጋው መልክ ነው። የመንዝ ሸማኔ ቀለም ቀቢ ሳይሆን ቀለም መራጭ ነበር።

የጥጥ አገር

ከደጋው ጫፍ ወረድ ሲባል ግን ኢትዮጵያ የጥጥ አገር ናት። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው የአክሱሙ ዒዛና በኑብያ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስጻፈው ጽሑፍ ጠላት ካጣቸው ሀብቶች መካከል ከእህል ጋር ጥጥ ተጠቅሷል። ከዚያም በፊት በ1ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች ውስጥ ከግብፅ የሚመጣውን ልብስና ከሕንድ የሚመጣውን የጥጥ ጨርቅ ይዘረዝራል። የሕንድ ጥጥ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። ይህ ነገር ታሪኩ አቃቂ በሚደርስበት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

የጥጡ ሥራ ሂደት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ጥጡ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴት ድርሻ ነበር። ፈትሉ ከሸማኔው ዘንድ ሲደርስ ድሩ ይደወራል፣ ማጉ በቀሰም ላይ ይጠነጠናል፣ መወርወሪያ ውስጥም ይገባል። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ ጣቶች ድሩን ከላይና ከታች እየከፈለ በእጁ መወርወሪያውን ያመላልሳል። የጨርቁ ወርድ እጁ ከሚደርስበት አያልፍም። ሁለት ንብብር ያለው ነጠላ፣ አራት ንብብር ያለው ጋቢ፣ ወፍራሙ ቡሉኮ ሁሉም የዚህ የክንድ ልክ ብዜት ናቸው።

የፈጠራው ጫፍ ጥለቱ ነው። ጥለት ከተሸመነ ጨርቅ ላይ የሚሰፋ ጌጥ አይደለም። ሸማኔው በሽመናው ጊዜ ድሩን በጣቱ እየቆጠረና እያነሣ ባለቀለሙን ክር በማጉ መካከል የሚያስገባበት ሥራ ነው። በወረቀት ላይ የተነደፈ ሞዴል አይታይም፤ ንድፉ በቁጥር መልክ በሸማኔው አእምሮ ውስጥ ይኖራል። አንድ ክር ቢሳሳት ስሕተቱ እስከ ጨርቁ ዳርቻ ይከተለዋል። በቀደመው ዘመን ባለቀለም ክር እንደልብ ባልተገኘበት ጊዜ ከውጭ የገባውን ቀይ ጨርቅና ሐር እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። የሌላውን አገር ጨርቅ አፍርሶ የራስን ጥለት መሥራት፤ የኢትዮጵያ ሸማኔ ከውጭ ዕቃ ጋር የነበረውን ግንኙነት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

የተናቀ እጅ፣ የተከበረ ሥራ

ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው በኅብረተሰቡ ውስጥ ምን ቦታ ነበረው? መልሱ የሚያኮራ አይደለም። መኳንንቱ፣ ካህኑና ባላገሩ በሸማ ሲያጌጡ ሸማውን የሸመነው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ የየድርሻቸውን ስድብ ይቀበሉ ነበር። በጎንደር አካባቢ ሽመናው በአብዛኛው በቤተ እስራኤልና በሙስሊሞች እጅ የነበረ ሲሆን እነዚህ ወገኖች በመሬት ይዞታ ላይ የነበረባቸው ገደብ ወደ እጅ ሥራ እንዲያዘነብሉ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ነበር። መሬት ያለው አረሰ፤ መሬት የተነፈገው ሸመነ። ከዚያም ባለመሬቱ የሸማኔውን ሙያ የዝቅተኛነቱ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅ የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። አዋጁ ሰውን በሙያው መሳደብን ከልክሎ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አዳም የተገኘ መሆኑን አስታውሶ፣ ሠራተኛን የሚሰድብ አንድ ዓመት እንዲታሰር ያዝዛል። ስድቡ የአፍ ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእስራት የሚያበቃ አዋጅ ባላስፈለገው ነበር። ሆኖም አስተሳሰብ በአዋጅ ብቻ አይሻርም። የሥራው ባለቤት የሥራው ተጠቃሚ እስካልሆነ ድረስ ንቀቱ መልኩን እየለወጠ ይኖራል። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ፈልሰው በሽሮ ሜዳና በአካባቢው የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ከተማይቱን ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲያለብሱ ስማቸው የሚነሣው ከሙያቸው ታላቅነት ይልቅ ከድህነታቸው ጋር ነበር።

የሸማኔው እጅ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል ግን ምስክር አለ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደር ዘመን ከሐር ክር የተሠሩ ግዙፍ መጋረጃዎች ዛሬ በቶሮንቶ የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየምና በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። መጋረጃዎቹ የተሠሩት ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ድሩን እያዞሩ በሚከናወን ልዩ የሽመና ዘዴ ሲሆን የንጉሣውያንና የአጃቢዎቻቸው ምስሎች በራሱ በሽመናው ውስጥ ተቀርጸውባቸዋል። የቶሮንቶው መጋረጃ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የዓለም ጨርቆች ሁሉ በግዙፍነታቸው የታወቁት እነዚሁ ናቸው። ከአገር የወጡትም በ1860 ዓ.ም. ከተፈጸመው የእንግሊዝ የመቅደላ ዘመቻ ጋር በተያያዘ ነው። በመጋረጃው ላይ ንጉሡ ይታያል፣ ጋሻ ጃግሬው ይታያል፤ የሸማኔው ስም ግን የለበትም።

የአቃቂ መዘውር

ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ኃይል ገባ። በፋብሪካ የተሠራ ርካሽ አቡጀዲ በጅቡቲ በኩል እየጎረፈ የገጠሩን ገበያ ያዘ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጉዞው የበለጠ ተፋጠነ። በ1920ዎቹም የጃፓን የጥጥ ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ በሰፊው ተቆጣጠረ። ባቡሩ ወደ ዋና ከተማዪቱ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ጣቢያ አቃቂ ነበር፤ የውጭው ጨርቅ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው በአቃቂ ሜዳ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ምድር ዘመናዊ የጥጥ ፋብሪካ ሥር የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ባለአክሲዮኖች ጋር በመሆን ኢንዶ ኢትዮጵያ የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአቃቂ አቋቋመ። ነጻነቷን በቅርቡ ያገኘችው ሕንድ በውጭ አገር ካቋቋመቻቸው የመጀመሪያዎቹ የጋራ ኩባንያዎች አንዱ ይህ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በአዱሊስ ወደብ ጨርቁን ታራግፍ የነበረችው አገር በዚህ ጊዜ መዘውሩን ይዛ መጣች። ቦታውም ለፋብሪካ የተመቸ ነበር። ሜዳው ሰፊ፣ ወንዙ ቅርብ፣ ባቡሩና የመኪናው መንገድ በደጃፍ የሚያልፉ፣ ገበያዋም አዲስ አበባ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፋብሪካ ተከተለ፤ በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥም የመንዝ በግ ጎረቤት በሆነችው ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተከለ።

የፋብሪካው ሂደት ሲመረመር ከእጁ ሥራ ጋር ወንድማማች መሆኑ ይታያል። ደጋኑ የማባዘቻ መኪና፣ እንዝርቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብረት እንዝርቶች ረድፍ፣ የእግሩ ጣት ሞተር ሆነ እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው። ጥጥ ይባዘታል፣ ይፈተላል፣ ድር ይጠነጠናል፣ ይሸመናል። የተለወጠው የሰውየው ቦታ ነው። የጉድጓዱ ሸማኔ ከጥሬው ፈትል እስከ ጥለቱ ጫፍ የሥራው አዛዥ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኛ ግን ከሂደቱ የአንዲት ቅንጣት ኃላፊ ሆነ። የተበጠሰ ክር ይቀጥላል፣ ቀሰም ይለውጣል፤ ጨርቁ ምን እንደሚመስል የሚወሰነው ከእርሱ ራስ በላይ በሌላ ክፍል ነው።

ይህም ዋጋ ያለ ተቃውሞ አልተከፈለም። ለፋብሪካዎቹ ጥጥ ያቀርብ የነበረው የአዋሽ ሸለቆ እርሻ፣ በተለይም ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ተካፋይነት የተስፋፋው የተንዳሆ እርሻ የአፋር አርብቶ አደሮችን የበጋ ግጦሽ ወስዷል። ፋብሪካዎች የሚለቁት ፍሳሽ የአቃቂን ወንዝ በክሎታል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም የፋብሪካ ሠራተኛው የመደራጀት ድምፅ አገኘ፤ የካቲት 1966 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማም የዚህ ድምፅ ጉልህ መገለጫ ሆነ። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ታላላቅ ኢንዱስትሪዎች በመንግሥት ሲወረሱ የአቃቂው ፋብሪካ ወደ መንግሥት ይዞታ ዞረ። የባለቤትነቱ ስም ተለወጠ፤ ንድፉን ማን ያወጣል የሚለው ጥያቄ ግን እንደተንጠለጠለ ቆየ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ታየ። የፋብሪካ ፈትል ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ገባ። በእጅ የተፈተለ ድር ለማዘጋጀት ብዙ ድካም ይጠይቅ ስለነበር ሸማኔዎች ጠንካራውንና እኩል የሆነውን የፋብሪካ ክር ለድር ይገዙት ጀመር፤ ማጉን ግን ለስላሳና ሞቃት ስለሆነ ከሴቶቹ እንዝርት መቀበላቸውን ቀጠሉ። ከዚህም የተነሣ «የአገር ልብስ» እየተባለ የሚመሰገነው ነጭ ሸማ፣ አብዛኛው፣ ድሩ የመኪና ማጉ የእጅ ነው። መዘውሩ ጉድጓዱን አልደፈነውም። የደፈነው አድካሚውን ክፍል ነው፤ ቆጠራው፣ ጥለቱና ፈጠራው ለጣት ቀሩ። ጥንታዊው ሸማ እንዳለ ተጠብቆ የኖረ ነው የሚሉም ሆኑ ፋብሪካው የእጅ ሥራን አጥፍቶታል የሚሉ ሁለቱም ይህን ነጠላ ገልጠው አላዩም።

ንድፉ የማን ነው?

የአቃቂ ፋብሪካ በተቋቋመበት ዘመን፣ በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በከተማዪቱ መሐል ሥዕልና ቅርጽ ሲስፋፋ በዳርቻዋ የጨርቅ መዘውር ተሽከረከረ፤ ሁለቱ ግን በተለያየ መንገድ ሄዱ። ፋብሪካው ጨርቅን እንደ ሸቀጥ፣ ሠዓሊው ሸራን እንደ ሥዕል መደብ ብቻ ተመለከቱት። ሠዓሊው ቀለም የሚቀባበት ሸራ ራሱ የሸማኔ ሥራ መሆኑ የሚረሳ ነገር ሆነ።

ይህን ግንብ ካፈረሱት መካከል ኤልያስ ስሜ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በ1982 ዓ.ም. ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቀው ይህ አርቲስት በብሩሽ ፈንታ መርፌና ክር ይዞ፣ ጨርቅን በክር እየሞላ፣ ቁልፍና ሌላም የተጣለ ዕቃ እየሰፋ ሥዕል ሠራ። ኋላም ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚገኙ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እንደ ፈትል እየገመደ ታላላቅ ሰሌዳዎችን ሸፈነ። በ2011 ዓ.ም. ከመስከረም አሰግድ ጋር የከፈተው የዞማ ሙዚየምም የእጅ ጥበብን፣ የጭቃ ግንባታንና ሥነ ጥበብን በአንድ ግቢ አገናኝቷል። ሥራዎቹ በውጭ ታላላቅ ሙዚየሞች ሲታዩ ተመልካች የሚያደንቀው ትዕግሥት፣ ቆጠራና ድግግሞሽ ነው፤ እነዚህ ግን የሸማኔና የፈታይ የዘወትር ባሕርያት ናቸው። ስፌት በማዕቀፍ ውስጥ ሲሰቀል ጥበብ፣ በትከሻ ላይ ሲለበስ ዕደ ጥበብ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ጉዳዩ የስም አሰጣጥ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላሳሰበ ነበር፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት የጨርቃ ጨርቅ ድርጅቶች ወደ ግል ይዞታ ሲዛወሩ ከውጭ የሚገባው አዲስ ጨርቅና ልባሽ ልብስ ገበያውን አጨናነቀው። በቅርብ ዓመታትም ሸማኔው በጣቱ ቆጥሮ ያወጣው ጥለት ፎቶግራፍ ተነሥቶ በውጭ ፋብሪካ በርካሽ ጨርቅ ላይ እየታተመ «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ ይሸጣል። የቀድሞው ሸማኔ የውጭ ጨርቅ ተርትሮ የራሱን ጥለት ይሠራ ነበር፤ አሁን የውጭው መኪና የእርሱን ጥለት ወስዶ ያትማል። በሌላም በኩል በ2008 ዓ.ም. የተከፈተውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሳሰሉ ቦታዎች ሴቶች ልጆች ሌላ አገር የተነደፈውን ልብስ ሲሰፉ ንድፉና ዋናው ትርፍ ከሌላ ቦታ ይቀራሉ። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ስታቋርጥ የሥራው ዋስትና ምን ያህል ስስ እንደነበረ ታየ። የስፌት እጅ ብቻ ያለው፣ ንድፍ የሌለው ኢንዱስትሪ ሌላው በዘጋው በር ፊት ቆሞ ይቀራል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መምህራን የጥለትን ቆጠራ እንደ ሒሳብም እንደ ሥዕልም አድርገው ለተማሪ ሊያሳዩት ይችላሉ። የሥነ ጥበብ ተቋማት የመንዝን ባና አረጋገጥና የጋሞን ጥለት አወጣጥ በሙያተኞቹ አፍ ሊያስተምሩ፣ የሸማኔውን ስም ከሥራው ጋር ሊመዘግቡ ይገባል። በአስተዳደር ላይ ያሉትም ጥለት የሕዝብ የአእምሮ ሀብት መሆኑን ተገንዝበው በሕግ የሚጠበቅበትን መንገድ መፈለግ ይኖርባቸዋል። ሰውን በሙያው መሳደብ ከተከለከለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ የሰውን ንድፍ ያለ ዋጋ መውሰድ ግን ከስድብ የሚተናነስ በደል አይደለም።

አቃቂ ያሳየችው ነገር ቢኖር መኪናና እጅ በአንድ ጨርቅ ውስጥ ሊኖሩ መቻላቸውን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው የአብሮነቱ ጥንካሬ በድሩ ላይ ይታያል። ድር ብቻውን ግን ጨርቅ አይሆንም፤ በመካከሉ የሚመላለሰውን ማግ የያዘው እጅ ስሙም፣ ዋጋውም፣ ክብሩም ሊሰጠው ይገባል።